ዛንዚባርን ያበላን የእናቴ ጾም

ክረምት ሲገባ የአዲስ አበባ የጉዞ ወኪሎች የሚለጥፉት ማስታወቂያ አንድ ዓይነት ነው፦ ነጭ አሸዋ፣ ያዘነበለ ዘንባባ፣ ከሥሩ «ዛንዚባር፣ ሁሉን ያካተተ» የሚል ጽሑፍ። ቁርሱም ምሳውም እራቱም ተከፍሎበታል ማለት ነው። ሦስት ልጆች ላሉት ሰው ይህች ቃል ዕረፍት ናት። ባለፈው ነሐሴ እኔም ከፈልኩ። ዛሬ የምጽፈው እናንተ እንዳትከፍሉ ነው፤ አልጋውን ግዙ፣ ምግቡን ተዉት።

አብራን እናቴ ነበረች። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው፤ ዛንዚባርም በዚያ ወቅት ደረቅና ነፋሻ ናት። ነሐሴ ግን ፍልሰታ ነው፤ እናቴ ደግሞ እንኳን ለዕረፍት ለሕመምም ጾም አትገድፍም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በቤታችን ገና እልባት አላገኘም። ኦክቶፐስማ ክንፍም ቅርፊትም የለውምና በፍስክም አይታሰብ። ደሴቲቱ የሙስሊም አገር ስለሆነች የሥጋው ነገር እንደ አገራችን ልማድ ያለቀ ነው። ስለዚህ ድርቆሽ፣ በርበሬና ሁለት ኪሎ ቆሎ በሻንጣዋ ይዛ ተሳፈረች። እኛም ሳቅንባት።

የሆቴሉ ገበታ ረጅም ነበር። ፓስታ፣ የድንች ጥብስ፣ ፓንኬክ፣ በክሬም የተለወሰ ዶሮ። ልጆቹ ፈነደቁ። እኔ በሁለተኛው ቀን ሳህኔን አየሁና አፈርኩ፤ ኬንያን አቋርጠን የበረርነው ሰፈራችን ያለውን ፓስታ ልንበላ ነው? እናቴ ሰላጣና ሐብሐብ እየበላች ምንም አላለችም። የእሷ ዝምታ ደግሞ ከወቀሳ ይከብዳል።

በሦስተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ አስተናጋጇ ጠጋ ብላ «እናትህን ሐኪም ከልክሏቸው ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ጾም መሆኑን ስነግራት ፊቷ በራ፤ ረመዳንን ለሚያውቅ ሰው ጾም ማብራሪያ አይፈልግም። ወደ ጓሮ ገብታ ሠራተኞቹ ለራሳቸው ከሠሩት ምሳ አንድ ሳህን ይዛ ተመለሰች። ነጭ ሩዝ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ፣ በዚያው ወተት የበሰለ ምቺቻ የሚሉት ቅጠል። እናቴ አማትባ ቀመሰች። ቆም አለች። «እርግጠኛ ነህ ቅቤ የለውም?» አለችኝ። የለውም። የመጨረሻው ልጄ ማንኪያውን ሰደደ፤ ከዚያ ሁሉም ሰደዱ።

የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ከሁሉ የሚጥመው ምግብ የሚበላው ከኋላ በር ነበር፤ እንግዳ አይወደውም ተብሎ ተፈርቶ። እኛ ደግሞ ለዚያ ፍርሃት በዶላር ከፍለናል። ሁሉን አስቀድሞ የከፈለ ሰው ኪሳራ እንዳይመስለው ከግቢው አይወጣም። መንገድ ዳር ድስት ጥደው የሚሸጡት ሴቶች፣ በስዋሂሊ ማማ ንቲሊዬ የሚባሉት፣ አንድ ሳንቲም አያገኙበትም።

ከዚያ በኋላ ምሳችን ውጭ ሆነ። አስተናጋጇ አክስቷ ዘንድ፣ ከባሕሩ ወደ ውስጥ ገባ ያለ መንደር ወሰደችን። ሴትዮዋ ቅርጹ እንደ ዱካ ሆኖ ከፊቱ ጥርስ ያለው ብረት የተሰካበት ነገር ላይ እንደ ፈረስ ተቀመጡ። ስሙ ምቡዚ ነው፤ ፍየል ማለት ነው። ለሁለት የተከፈለውን ኮኮናት በጥርሱ ላይ ሲያዞሩት ነጩ እንደ አመዳይ ሳህኑ ላይ ይረግፋል። ለብ ባለ ውኃ አሽተው ሲጨምቁት መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራም ወተት ለብቻው ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ቀጭን ነው። ቦሎቄው የሚንተከተከው በቀጭኑ ነው፤ ወፍራሙ የሚገባው ሊወጣ ሲል ነው። እናቴ ይህን ስታይ ራሷን ነቀነቀች፤ አብሽና መከለሻም እኛ ዘንድ ሰዓት አላቸው። ልጆቹ ተራ በተራ ፍየሏን ጋለቡ፤ አንዱ ጣቱን ፋቀ፣ አለቀሰ፣ ኮኮናት ተሰጥቶት ዝም አለ።

አንድ ምሽት ስቶን ታውን በሚሉት የደሴቲቱ አሮጌ ከተማ ወደ ፎሮዳኒ ሄድን፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ባሕሩ ዳር ምግብ የሚደረደርበት አደባባይ ነው። ኡሮጆ የሚሉት ሾርባ ቢጫ ነው፤ እርድ፣ ማንጎና ሎሚ አለበት፤ ባጂያ፣ ድንችና የካሳቫ ጥብስ ይጨመርበታል። እንቁላሉንና ሥጋውን ተውት ስንል ሻጩ ምንም አልመሰለው። ባጂያውን ድሬዳዋ ያደገ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። (ኦክቶፐሱን ዘወር ብዬ ቀምሻለሁ። ይህን ጽሑፍ ለእናቴ የሚያነብላት ሰው እዚህ ላይ ይዝለል።)

የቅመም እርሻም ጎበኘን፤ ልጄ ቅርንፉዱን አሽትታ «የቤታችን ሻይ!» አለች። ስሙም ቅርብ ነው፤ ካራፉ ይሉታል። አስጎብኚው ደስ ብሎት ሳቀ። ይህን ተክል በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦማን ሱልጣኖች ያስፋፉት በባሪያ ጉልበት መሆኑን ግን ያነሳው እኔ ስጠይቀው ነው፤ የባሪያ ገበያው የተዘጋው በ1873 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ለልጆች ይከብዳል ይባል ይሆናል። የእኔዎቹ ሰምተው ብዙ ጠየቁ።

ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን እናቴ ድርቆሹንና በርበሬውን በፌስታል ይዛ መንደሩ ሄደች። ያልተነካ ነበር። የሴትዮዋን ቦሎቄ አሙቃ፣ በርበሬ ጣል አድርጋ፣ ድርቆሹን ፈትፍታ አቀረበችላቸው። ሴትዮዋ ጎረሱ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ውኃ ጠጡ። እናቴ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ሴትዮዋ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።