እኛ ስናወልቅ እነሱ ሲያስሩ

ኧረ በማርያም፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልጃችሁን ማቆያ የምታውሉ እናቶችና አባቶች፣ ይሄ ነገር የሁላችንም ቤት አለ ወይስ የኔ ብቻ ነው? ጠዋት በፓንት የላክሁት ልጅ ማታ ዳይፐር ታስሮለት ይመለሳል። ያውም የሞላ፣ እስከ ጉልበቱ የወረደ ዳይፐር።

ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል አልፎታል። ቅዳሜና እሁድ ቤት ሲውል ሽንቱ ሲመጣ ይናገራል። ሱሪውን ጨብጦ እየሮጠ ይመጣል፣ ፖፖው ላይ ይቀመጣል፣ ሲጨርስ "እማ፣ በቃኝ!" ብሎ ይጠራኛል። ሰኞ ማቆያ ይገባል። ማክሰኞ ማታ ሳሎን መሀል ቆሞ ይሸናል፣ ጨዋታውንም ይቀጥላል። ምን ያድርግ? ቀኑን ሙሉ ዳይፐር ውስጥ ሲሸና ነው የዋለው። እኛ በሁለት ቀን የሠራነውን እነሱ በአምስት ቀን ያፈርሱታል።

ይሄ ሳያንስ ደግሞ ወደ ትልልቆቹ ክፍል የሚዛወረው ዳይፐር ያቆመ ልጅ ብቻ ነው ብለውኛል። እንዴ! ዳይፐሩን የሚያስርለት ማን ሆነና?

አብዛኛው ልጅ ከ18 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ለፖፖ መድረሱን ራሱ ያሳያል። ሁለት ሰዓት ያህል ሳይረጥብ ይቆያል። ካካው ሲመጣ መጋረጃ ኋላ ይደበቃል። የረጠበ ልብስ አውልቁልኝ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ሰዓቱን አውቆ የሚያስቀምጠው ሰው ነው። ምግብ ሆድ ሲገባ አንጀት ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ ከቁርስና ከምሳ በኋላ ትንሽ ማስቀመጥ። ከእንቅልፉ ሲነሳ ማስቀመጥ። እግሩ ወለል መርገጥ አለበት፤ ከተንጠለጠለ ማማጥ ያስቸግረዋል። ከሁሉ በላይ ግን ቤትም ማቆያም አንድ ዓይነት ነገር ማድረግ አለባቸው። ጠዋት ሌላ ማታ ሌላ ሕግ ከሆነበት ልጁ የቱን ይያዝ?

ማቆያው ያለው ሽንት ቤት የትልቅ ሰው ነው። ጉድጓዱ ሰፊ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ይሸታል። የሁለት ዓመት ልጅ እዚያ ላይ ቁጢጥ በል ሲሉት እገባለሁ ብሎ ይፈራል፤ መፍራቱም ትክክል ነው። ውሃ በጠፋ ቀን ምን እንደሚመስል አልናገርም። ይሄን አይቼ የራሱን ፖፖ ገዝቼ ወሰድኩላቸው። ከሳምንታት በኋላ ስጠይቅ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከነፕላስቲኩ ተቀምጦ አገኘሁት።

ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ማሳፈራቸውን ነው። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ልወስደው ስሄድ በበሩ በኩል የሰማሁት "ኤጭ! ትልቅ ሰው ሆነህ አታፍርም?" የሚል ነው። ሌሎቹ ልጆች ይስቃሉ። ልጄ አንገቱን ደፍቷል። ከዚያ ወዲህ ካካውን መያዝ ጀመረ። ሲመጣበት እግሩን አጣብቆ፣ ግድግዳ ይዞ፣ ፊቱ ቀልቶ ይቆማል። ሲያዝ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ያመዋል፤ ስላመመው ደግሞ አብሶ ይይዛል። ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ድርቀቱ ካልለቀቀው ፖፖ የሚባለውን ነገር ለጊዜው ተዉት፣ መጀመሪያ ሆዱ ይለስልስ አሉን። ውሃ፣ ፓፓያ፣ ገንፎ በቅቤ፣ የታዘዘለት ሽሮፕ። ሌሊት እያለቀሰ ሲያምጥ ጀርባውን እያሸሁ አብሬው ያለቀስኩበት ጊዜ አለ። ለአንዲት ቃል ነው ይሄ ሁሉ። ሕፃን ልጅን በሽንቱና በካካው አታሳፍሩት! ቆሻሻ ሆኖ አይደለም፣ ሆን ብሎም አይደለም፤ ገና እየተማረ ነው። የሌሊቱማ ጭራሽ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አምስት ዓመት እስኪሞላው ሌሊት ቢሸናም ያለ ነገር ነው።

እናቴ ቢቸና ሆና በስልክ "እኛ እኮ ዓመት ሳይሞላችሁ እግራችን ላይ አስቀምጠን 'እሽሽ' እያልን ነበር ያስለመድናችሁ" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን እማዬ ቀኑን ሙሉ ቤት ነበረች። እሷ ወፍጮ ስትሄድ አክስቴ ነበረች፣ ጎረቤት ነበረ። የልጁን ፊት አይቶ ካካው እንደመጣ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም ነበር። እኔ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:30 ሥራ ላይ ነኝ። በ2010 የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የወሊድ ፈቃድ ብሎ የሰጠው ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነበር። ያው አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙም አዞ ነበር። እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ግን ማቆያ የለውም። ስለዚህ ልጄን ከፍዬ አውለዋለሁ። ከፍዬ!

ሞግዚቷ ላይ ሙሉ በሙሉ መፍረድ አልፈልግም። ያንን ቃል መናገር አልነበረባትም፣ ይሄንንም በፊቷ ነግሬያታለሁ። እሷ ግን ምን አለችኝ? "እህቴ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። አንዱን ይዤ ሽንት ቤት ስሄድ ሌሎቹን ማን ያያቸዋል?" መልስ አጣሁላት። ክፍሉ ሙሉ ልጅ ነው። የሚከፈላት ደመወዝ ቤት ኪራይዋን አይሸፍንም። ዳይፐር አስራ ብታስቀምጣቸው ምን ይገርማል? የኔ ንዴት ባለቤቱ ላይ ነው። በየመስከረሙ ክፍያ ይጨምራል፣ ልጅ ይጨምራል፤ ሞግዚት አይጨምርም። ጉዳዩን ሳነሳ "ዳይፐር አስበልጠሽ ላኪ እንጂ ችግር የለውም" ይለኛል። ችግር አለው! የዳይፐር ዋጋ የት እንደደረሰ ሱቅ የሄደ ሁሉ ያውቃል። ክረምት ደግሞ መጣ። የጮቄ ተራራ ብርድ ባለበት፣ ፀሐይ በማይወጣበት ሐምሌ፣ ሱሪ ስንት ቀን ገመድ ላይ እንደሚውል የማርቆስ ሰው አይጠፋውም። እሱንም እችላለሁ። ከሰል አያይዤም ቢሆን አደርቃለሁ። የረጠበውን ሱሪ በፌስታል አድርገው ይላኩልኝ፣ አጥባለሁ።

የጠየቅኩት ነገር ብዙ አይደለም። ከቁርስ በኋላ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከእንቅልፉ ሲነሳ ፖፖው ላይ አስቀምጡት። ከሸና አመስግኑት። ካመለጠው ዝም ብላችሁ ቀይሩለት። ለዚያ ክፍል አንዲት ረዳት ቅጠሩ። ማታ ስመጣ ስንት ጊዜ እንደሸና፣ ካካ እንዳለ እንዳላለ ንገሩኝ።

እኔ ከሰኞ ጀምሮ ዳይፐር አልክም። ቦርሳው ውስጥ ቅያሪ ሱሪና ፓንት አለ፣ ፖፖውም ከዕቃ ቤት ይወጣል። እዚያው ማቆያ የምታውሉ ወላጆች ካላችሁ አብረን ገብተን ባለቤቱን እናነጋግረው፤ አንድ ሰው ሲናገርና አሥር ሰው ሲናገር አንድ አይደለም። ማርቆስ ውስጥ ለትንንሾቹ የሚሆን ሽንት ቤት ያለው፣ ልጅ የማያሳፍር ማቆያ የምታውቁ ደግሞ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቀበሌ 03 አካባቢ ቢሆን ይመረጣል፤ ራቅ ቢልም ግን እሄዳለሁ።