አማኝ ያለቀበት ጣኦት (ከአቴንስ ትዝብት)

ሰሞኑን ፌስቡክ ላይ ያው የተለመደው ጭቅጭቅ ነበር፣ አንዱ ወገን አድባሩም ጨሌውም ባህላችን ነው ይላል ሌላው ባእድ አምልኮ ነው ይላል፣ ከዛ ሁሌ አንድ ሰው ብቅ ይልና "ግሪኮችን እዩ፣ ኦርቶዶክስ ናቸው ግን የጥንት አማልክቶቻቸውን ዜውስንና አቴናን አልጣሉም፣ እኛ ነን የራሳችንን የምንረግመው" ብሎ ይጽፋል፣ ላይኩም ይዘንብለታል። እኔ አቴንስ ኪፕሴሊ የሚባል ስደተኛ የሚበዛበት ሰፈር ነው የምኖረው፣ እና ይቺ ምሳሌ ሁሌ ትከነክነኛለች። ግማሿ እውነት ነው፣ ግማሿ ግን ቱሪስት በሶስት ቀን የሚያየው ነው።

እውነቱን ላስቀድም። እዚህ ህገ መንግስቱ የሚጀምረው በቅድስት ሥላሴ ስም ነው፣ አንቀጽ 3 ደግሞ ኦርቶዶክስን የሀገሪቱ ዋና ሃይማኖት ያደርጋል። በዛው ሀገር ሰው ልጁን ሶቅራጥስ ወይ አፍሮዲቲ ብሎ ይጠራል፣ ስሙ የቅዱስ ስም ካልሆነ የስም ቀኑን የቅዱሳን ሁሉ እሁድ ላይ ያከብራል፣ አለቀ። ያኒና ሀይቅ ላይ ባለችው ደሴት የፊላንትሮፒኖን ገዳም ግድግዳ ላይ ፕላቶና አሪስቶትል ተስለዋል፣ ያውም በ16ኛው ክፍለ ዘመን። እኛ በስሙ የምንቀድሰው ቅዱስ ባስልዮስም እኮ የተማረው እዚሁ አቴንስ ነው፣ በኋላ ለወጣቶች ሲጽፍ የአረማውያኑን መጻሕፍት እንደ ንብ ሁኑና የሚጠቅማችሁን ቅሰሙ ነው ያላቸው። ስለዚህ መስማማቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም።

ግን አክሮፖሊስ ላይ ያለውን ፓርቴኖን ውሰዱ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 447 ላይ ለአቴና መሰራት ጀመረ፣ ክርስትና ሲገባ የእመቤታችን ቤተክርስቲያን ሆነ፣ እንደዛው ሆኖ ወደ 900 አመት ገደማ ቆየ፣ ክርስቲያኖቹ ከውጪ የተቀረጹትን አማልክት በመሮ እየፈለጡ ፊታቸውን አጠፉት (ቀና ብሎ ላየ የተፋቀው ዛሬም ይታያል)፣ ቀጥሎ ቱርኮች መስጊድ አደረጉት፣ በ1687 እ.ኤ.አ. ደግሞ ውስጡ ባሩድ ተከማችቶበት እያለ የቬኒስ ጦር በመድፍ መትቶ አፈነዳው። ዛሬ ፖስትካርድ ላይ የምናየው መልክ የመጣው ግሪክ ነጻ ከወጣችና ከባቫሪያ የመጣ ኦቶ የሚባል ንጉስ ከተሾመላት በኋላ ነው። መስጊዱን አፈረሱ፣ በመካከለኛው ዘመን ከምእራብ አውሮፓ መጥተው የገዙት ፍራንኮች የሰሩትን ግንብ በ1875 እ.ኤ.አ. አፈረሱ፣ ከመሀል ያለው ዘመን ሁሉ ተጠርጎ ፓርቴኖንን ያሰራው የፔሪክልስ ዘመን ብቻ እንዲቀር ተደረገ። ማለትም ቤተክርስቲያንም ሆኖ እንደነበር የሚያሳይ ነገር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፣ እኔ በበኩሌ ይሄ ያናድደኛል፣ 900 አመት የተቀደሰበት ቦታ እኮ ነው።

ከዛ በፊትማ ጥንቱን መውደድ የሚባል ነገር ለተራው ሰው አልነበረም። የሮማው ንጉስ ቴዎዶስዮስ በ391 እና 392 እ.ኤ.አ. መስዋእቱን በህግ ከለከለ፣ ሌላው ንጉስ ዮስጢንያኖስ በ529 የአቴንስን የፍልስፍና ትምህርት አስቆመ፣ ከዛ ለብዙ መቶ አመታት ሄለን (ግሪካዊ ማለት ነው) መባል አረማዊ መባል ስለነበር ሰዉ ራሱን ሮማዊ ነኝ ነበር የሚለው። አባቶቻችን ብለው መኩራት የጀመሩት ለዜውስ በሬ የሚያርድ ሰው ጠፍቶ ካለቀ ከስንት ዘመን በኋላ ነው። ፌስቡክ ላይ የማትነገረው ይቺ ነች።

አሁን ደግሞ ያልሞተውን ነገር እዩ። አከራዬ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን አይቀሩም፣ ሰው ራሱን ካመመው ግን አይን ነው ይላሉ፣ ሳህን ላይ ውሃ አድርገው ዘይት ጠብ ጠብ እያረጉ ጸሎት ያነበንባሉ፣ ማዛጋት ከጀመሩ በቃ ቡዳ በልቶታል ማለት ነው። ጸሎቱን ሴት ለሴት አታስተምርም፣ ከወንድ ወደ ሴት ከሴት ወደ ወንድ ነው የሚተላለፈው። ቤተክርስቲያኗ ራሷ አይን መኖሩን ታምናለች የራሷም ጸሎት አላት፣ ግን እሱን ካህን ብቻ ያንብበው ነው የምትለው፣ እሳቸው ደግሞ ሰምተው እንዳልሰሙ። እኔ ይሄን ሳይ ሰፈራችን ትዝ አለኝ፣ እትዬ እገሌ እንትፍ እንትፍ ሲሉብን የነበረው ማለት ነው። እና አከራዬን "ይሄ የጥንት ግሪክ ባህል ነው" ብትሏቸው ይቀየማሉ፣ ለሳቸው ክርስትና ነው።

በፈረንጅ ነሐሴ 15 ቲኖስ ደሴት የእመቤታችን በአል ይከበራል፣ እነሱም ከ1 እስከ 14 ይጾማሉ (የኛ ፍልሰታ በቀን ቆጠራ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ያው ነው)፣ ከወደቡ እስከ ቤተክርስቲያኑ ዳገቱን በጉልበታቸው የሚድሁ እናቶች አሉ፣ ግቢው ውስጥ ተኝተው ፈውስ የሚጠብቁም አሉ። ስለት የገባ ሰው ከብር የተሰራ አይን ወይ እግር ስእሉ ጋ ይሰቅላል። ቆሮንቶስ ሙዚየም ብትሄዱ ደግሞ ጥንት ሰዎች ለአስክሊፒዮስ፣ ለህክምናው አምላክ፣ የሰጡት ከሸክላ የተሰራ እጅና እግር ተደርድሮ ታያላችሁ፣ እዛም ህመምተኛ ቤተመቅደሱ ውስጥ አድሮ ነበር ፈውስ የሚጠብቀው። ለሙታንም እንዲሁ፣ በአርባው ስንዴ ቀቅለው ስኳርና ለውዝ ሮማን ጨምረው ያድላሉ። የኛ ንፍሮ ከነአርባው ማለት ነው፣ ስኳሩ ሲቀር።

እነዚህ ያለፉት ቤተክርስቲያን ስላጠመቀቻቸው ነው። ያልተጠመቀው ግን ይወገዛል። ሰሜን ግሪክ ላንጋዳስና አያ ኤሌኒ በሚባሉ ቦታዎች የቆስጠንጢኖስና የእሌኒ በአል ቀን፣ ሜይ 21፣ ስእል ታቅፈው በከበሮና በመሰንቆ መሰል ነገር እየጨፈሩ ፍም ላይ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ሰዎች አሉ፣ ዛር የወረደ ነው የሚመስለው። አጥኚዎቹ ከጥንቱ የወይን አምላክ ከዲዮኒሶስ የመጣ ነው አይደለም እያሉ ይከራከራሉ፣ ሰዎቹ ራሳቸው ኦርቶዶክስ ነን ይላሉ፣ ቤተክርስቲያኗ ግን ባእድ ነው ብላ ስታወግዝ ኖራለች። የጥንቶቹን አማልክት እንደገና እናምልክ ያሉትም በሃይማኖትነት በመንግስት እውቅና ያገኙት ገና በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፣ እና ሙዚየም ገብቶ ለአፖሎ ሀውልት የሚያጨበጭብ ሰው እነሱን ሲያይ ነው የሚስቀው። ታዲያ "ግሪኮችን እዩ" የሚለው ልጅ የትኞቹን ግሪኮች ነው?

በዚህ አይን ካየነው እኛም እንደነሱ ነን። የአክሱሙ ንጉስ ኢዛና በግሪክኛ ድንጋይ ላይ ሲያስጽፍ መጀመሪያ የማይሸነፈው የአሬስ፣ የግሪኮቹ የጦርነት አምላክ፣ ልጅ ነኝ ብሎ ነበር፣ በኋላ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ አለ፣ ሳንቲሙ ላይም የጨረቃው ምልክት ወጥቶ መስቀል ገባ፣ በዚህ የተጣላ ሰው አላየሁም። ትግራይ የሃ ያለው ቤተመቅደስ አልመቃህ ለሚባል የጥንት የሳባ አምላክ የተሰራ ነው፣ ከፓርቴኖን በሁለት መቶ አመት ገደማ ይበልጣል፣ እሱም የተረፈው እንደ ፓርቴኖን ቤተክርስቲያን ስለተደረገ ነው ይባላል፣ አባ አፍጼ የባረኩት። ዛሬ አልመቃህን የሚያመልክ ስለሌለ ቄሱም አስጎብኚውም ቅርሳችን ነው ይላሉ፣ ጀርመኖቹ ሲጠግኑትም ማንም አልጮኸም። የሚያጨቃጭቀን ገና ሰው እጅ ላይ ያለው ነው፣ ጨሌው፣ ቦረንትቻው፣ ዛፍ ስር የሚቀባው ቅቤ። በህይወት ያለን ነገር ሙዚየም ማስገባት አይቻልማ።

ከነዚህ ውስጥ የትኛው እንደሚጠመቅ የትኛው እንደሚወገዝ ማን ያውቃል። ቡና እኮ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ለክርስቲያን ነውር ነበር፣ የእስላም ነው የዛር ነው ይባል ነበር። አሁን እዚህ አቴንስ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ጀበናው ይጣዳል እጣኑ ይጨሳል፣ ቄጤማ ስለማይገኝ ከቻይና ሱቅ የተገዛ ፕላስቲክ ሳር ይነጠፋል፣ ባለፈው እንደውም ቀሲስ ራሳቸው ናቸው "ሁለተኛው ቀጠነ እኮ" ብለው ያማረሩት።