ማስተካከያ፦ የኦሃዮ የጥበቃ ትእዛዝ ሲጣስ

ባለፈው ስለ ኦሃዮ ስጽፍ ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። እየተከታተለ የሚያስጨንቅ ሰው እንዳይጠጋ ፍርድ ቤት የሚሰጠውን የፍትሐ ብሔር የጥበቃ ትእዛዝ የጣሰ ሰው «ችሎት በመድፈር ብቻ ይጠየቃል፣ ቢበዛ 30 ቀን ይታሰራል» ብዬ ነበር። ልክ አይደለም።

30 ቀን እስርና 250 ዶላር መቀጮ ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎት ለደፈረ ሰው የተቀመጠ ጣሪያ ነው። ትእዛዙን መጣስ ግን ራሱን የቻለ ወንጀልም ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንኳ እስከ 180 ቀን እስርና እስከ 1,000 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። ችሎት በመድፈር መቀጣቱ ከወንጀል ክሱ አያድነውም፣ የተቀጣው ቅጣት ግን ይታሰብለታል።

ሌላው ትእዛዙን ስላስወጣችው ሴት «እሷ ራሷ ከደወለችለት ትእዛዙ ይፈርሳል» ያልኩት ነው። በጣም ያሳሰበኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሰው እሱን አምኖ ሊታሰር ይችላል። አመልካቿ «ና ቡና ጠጣ» ብላ ብትጠራው፣ እሱም ሄዶ በሯን ቢያንኳኳ፣ ትእዛዙን የጣሰው እሱ ነው። ማንሳትም ሆነ መለወጥ የሚችለው ፍርድ ቤቱ ብቻ ነው። ካልተነሳ እስከ 5 ዓመት ሊጸና ይችላል።

ኮሎምበስ ያላችሁ ወገኖቼ፣ የቀድሞውን ጽሑፍ ለሰው አጋርታችሁ ከሆነ እባካችሁ ይሄንንም ላኩላቸው።