ጠመንጃ እንዳለህ ማን ማወቅ አለበት?

አሜሪካ ውስጥ ጠመንጃ ያለው ሰው ከምንም በላይ የሚፈራው የስም ዝርዝር ነው። ስሙ፣ አድራሻውና የመሣሪያው ቁጥር አንድ ላይ ሰፍሮ መንግሥት እጅ መግባቱን ይፈራል። አዲስ የመጣ ሐበሻ ይህን ሲሰማ ግራ ይገባዋል። አሜሪካ በመሣሪያ ተጥለቅልቃለች። ስሞል አርምስ ሰርቬይ የሚባለው የመሣሪያ ስርጭት የሚያጠና ተቋም በ2018 ያወጣው ግምት በሲቪሉ እጅ ወደ 393 ሚሊዮን ጠመንጃና ሽጉጥ አለ ይላል፣ ከሕዝቡ ቁጥር በላይ ማለት ነው። (የአሜሪካውን ዓመት በፈረንጆቹ፣ የአገር ቤቱን በእኛው አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ይህ ሁሉ መሣሪያ እያለ ማን ምን እንደያዘ የሚያሳይ አገር አቀፍ የባለቤቶች መዝገብ የለም። ረስተውት አይደለም። ሕግ ከልክሎ ነው።

በ1968 የወጣው ሕግ ነጋዴው የሸጠውን መሣሪያ ሁሉ በወረቀት እንዲይዝ ያዛል። በ1986 የወጣው ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ እነዚያን ወረቀቶች ለቅሞ የባለቤቶች መዝገብ እንዳያቋቁም ይከለክላል። ስለዚህ መረጃው የሚቀመጠው በየሱቁ ነው። ፖሊስ ሰው የተገደለበት ሽጉጥ ሲያገኝ ቁጥሩን ዌስት ቨርጂኒያ፣ ማርቲንስበርግ ወዳለው የኤቲኤፍ (የፌዴራሉ የመሣሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) የመሣሪያ መከታተያ ማዕከል ይልካል። ማዕከሉ ከፋብሪካው ይጀምራል። ፋብሪካው ለየትኛው አከፋፋይ ሸጠው? አከፋፋዩስ ለየትኛው ሱቅ? ሱቁስ ለማን? እየደወለ፣ እየጠየቀ ይሄዳል። ሱቁ ከተዘጋ ወረቀቱ በሕግ ወደ ማርቲንስበርግ ይላካል፣ እዚያ ስካን ይደረጋል፤ በገዢ ስም መፈለግ ግን አይቻልም። ሠራተኞቹ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብለው ምስሉን ገጽ በገጽ እያገላበጡ ነው የሚፈልጉት። መሥሪያ ቤቱ ራሱ እንደገለጸው ከተዘጉ ሱቆች የሰበሰበው መዝገብ ከ900 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህን ያህል ወረቀት ይዞ ስም ጽፎ መፈለግ አይችልም።

እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። መሣሪያ ከፈቃድ ካለው ሱቅ ስትገዛ ስምህ ይጣራል። ከ1998 ጀምሮ ኤፍቢአይ የሚያስተዳድረው ፈጣን የማጣሪያ ሥርዓት አለ፤ ወንጀለኛ መሆንህን፣ በቤት ውስጥ ጥቃት ተፈርዶብህ እንደሆነ፣ የመኖሪያ ወረቀትህን ያያል። ግዢው ከተፈቀደልህ ግን ማንነትህን የሚያሳየው መረጃ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲጠፋ ሕግ ያስገድዳል። መንግሥት ጠየቀ፣ አየ፣ ከዚያ እንዲረሳ ታዘዘ። እኔ ባደግኩበት አገር መንግሥት አንዴ የያዘውን ስም ሲረሳ አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ቨርጂኒያ ውስጥ ግሮሰሪ ያላቸው የምናውቃቸው የጎጃም ሰው ሽጉጥ ሊገዙ ሲሄዱ ለማስተርጎም አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ሱቃቸው ማታ ማታ ተዘርፏል፣ ሚስታቸውም ብቻዋን መቆም ፈርታለች። ሻጩ ሸምገል ያለ ነጭ ነው፤ 4473 የሚባለውን ቅጽ ሰጣቸው። አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ማሪዋና ትጠቀማለህ ወይ ይላል፣ በስቴትህ ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው የሚል ማስጠንቀቂያም አለው። ዜግነት ይጠይቃል፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ቁጥሩን ይጽፋል። ውሸት ጽፎ መፈረም ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ነው። ሰውዬው ሁሉንም ቶሎ ቶሎ መለሱ፣ አድራሻ የሚለው ጋ ሲደርሱ ግን እስክሪብቶውን አነሱ።

"አንተ፣ ይሄ ወረቀት ነገ ልጆቼ ላይ አይመጣም?"

"ጋሼ፣ ወረቀቱ እዚሁ ሱቁ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።"

"ሱቁ ሲዘጋስ?"

ሻጩ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ፣ ተረጎምኩለት። አልሳቀም። "ትክክለኛ ጥያቄ ነው" አለ፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ አወራልን። ድሮ ሻጭ ከ20 ዓመት በላይ የቆየ ወረቀት መጣል ይችል ነበር፤ በ2022 በወጣ የኤቲኤፍ ደንብ ግን ሱቁ እስካለ ድረስ መያዝ አለበት፣ ሲዘጋ ሁሉም ወደ ማርቲንስበርግ ይሄዳል። እሱና ደንበኞቹ ይህን ቀስ ብሎ የሚገነባ መዝገብ ነው ይሉታል። የጎጃሙ ሰውዬና የቨርጂኒያው ሻጭ አንድ ቋንቋ ባይናገሩም አንድ ነገር ነው የሚፈሩት።

እዚህ ላይ ስለ እኛ አገር ላውራ። ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎ፣ ሰሜን ሸዋ ጠመንጃ የቤተሰብ ዕቃ ነው። ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ ከአባት ለልጅ ይወረሳል፤ ኋላ ደግሞ ክላሽ መጣ። በሬ ተሽጦ ይገዛል። ለሠርግ ይዘውት ይሄዳሉ፣ ለቅሶ ላይ ይዘውት ይቆማሉ፣ ፉከራውም በሱ ነው። ማን ምን ዓይነት መሣሪያ እንዳለው፣ ስንት ጥይት እንደቀረው ሳይቀር ጎረቤት ያውቃል። የሚደበቀው ከጎረቤት አይደለም። ከቢሮ ነው።

አሜሪካኑ ከጎረቤቱም ይደብቃል። ጎረቤት ካወቀ ሌባ ያውቃል ነው ነገሩ። ኮነቲከት ውስጥ ሳንዲ ሁክ በሚባል ትምህርት ቤት ልጆች በጥይት የተገደሉት በታኅሣሥ 2012 ነው። በዚያው ወር አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ በዌስትቸስተርና በሮክላንድ ካውንቲ የሽጉጥ ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች ስምና አድራሻ በካርታ አወጣ። መረጃው በሕግ ክፍት ስለነበር ጠይቆ ነው የወሰደው። አገር ተናወጠ። ጡረታ የወጡ ፖሊሶችና የእስር ቤት ጠባቂዎች፣ አንድ ጊዜ ያሰሩት ሰው ቤታቸውን እንደሚያውቅ ተሰማቸው። ከደብዳቢ ባሎቻቸው የሸሹ ሴቶችም እንዲሁ። በሚቀጥለው ወር ጋዜጣው ካርታውን አወረደ፣ የኒውዮርክ ሕግም ባለፈቃዱ ስሙ እንዳይወጣ መጠየቅ እንዲችል ተደረገ። እኔ የጋዜጣውን ሐዘን እረዳለሁ። ያንን ካርታ ግን ማተም አልነበረበትም። ሕግ አክብሮ የተመዘገበው ሰው ተጋለጠ፤ ሳያስመዘግብ ደብቆ የያዘው ግን ካርታው ላይ የለም።

ካሊፎርኒያ ደግሞ የባሰ ሆነ። በሰኔ 2022 የስቴቱ ፍትሕ መሥሪያ ቤት የመሣሪያ መረጃ የሚያሳይ ድረ ገጽ ሲከፍት መሣሪያ ደብቆ ለመያዝ ፈቃድ የጠየቁ ወደ 192 ሺህ ሰዎች ስም፣ የልደት ቀንና አድራሻ አብሮ ወጣ። ኋላ የተደረገው ገለልተኛ ምርመራ ሆን ተብሎ የተሠራ አይደለም፣ የሥልጠናና የጥንቃቄ ጉድለት ነው አለ። አምናለሁ። ግን አድራሻው ለወጣበት ሰው ሆን ተብሎም ሆነ በስህተት ምን ለውጥ አለው? መዝገብ ክፉ ሰው እጅ እስኪገባ መጠበቅ የለበትም፣ ቸልተኛ ሰው እጅ መግባቱም ይበቃል።

ሕግ በፊት ለፊት የዘጋውን በጓሮ የሚከፍቱም አሉ። በ2019 የፌዴራሉ ፍትሕ መሥሪያ ቤት አንድ የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር የሚቆጣጠር አፕ ያወረዱ ሰዎችን ሁሉ መረጃ አፕልና ጉግል እንዲሰጡት ፍርድ ቤት ጠየቀ፤ የሚፈለገው መነጽሩን በሕገ ወጥ መንገድ ወደ ውጭ የሚልክ ሰው ነበር፣ ሊታይ የነበረው ግን ከ10 ሺህ በላይ ሰው ነው። በ2022 ደግሞ በክሬዲት ካርድ የተከፈለው ለመሣሪያ ሱቅ መሆኑን የሚያሳይ የተለየ ኮድ ጸደቀ። ካሊፎርኒያ አስገዳጅ አደረገችው፣ ፍሎሪዳና ቴክሳስ ተቃወሙት። ይህን የሚያህል ክርክር ስለ አንድ አራት አሃዝ ቁጥር!

ሐበሻ ወገኔ "የፈረንጅ ቅብጠት ነው" ሊል ይችላል። እኔ እንደዚያ አልልም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ኮምፒውተሩ ውስጥ ፊንስፓይ የሚባል መሰለያ ተገኝቶ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ፍርድ ቤት ከስሶ ነበር። የስካይፕ ንግግሩና የቤተሰቡ ኢሜይል ሳይቀር ተሰልሏል ነው ክሱ። በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የውጭ መንግሥት እዚህ በዚህ አይከሰስም ብሎ ዘጋው። ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ፣ ውቅያኖስ ማዶ ባለ መንግሥት የሚሰለል ሰው ከመካከላችን ወጥቷል። ስለ መሰለል እኛን ፈረንጅ ሊያስተምረን አይገባም።

አገር ቤትስ? የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል፤ ፈቃድና ምዝገባ ይጠይቃል። መሣሪያ ሥርዓት ይያዝ ማለቱ ትክክል ነው፣ ሕገ ወጥ ሽጉጥ በየጭነት መኪናው ሲያዝ ስንሰማ ነው የኖርነው። ችግሩ ምዝገባ የሚመጣበት ሰዓት ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ጦርነቱ ወደ መሀል አገር ሲጠጋና አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ፣ የአዲስ አበባ አስተዳደር ነዋሪው መሣሪያውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ አዘዘ። በዚያው ሰሞን የቤት ለቤት ፍተሻ ነበር። እናቴ ቤት ጎረቤት ያሉ አዛውንት የአባታቸውን አሮጌ ጠመንጃ ታቅፈው ወጡ። ይዘውት ቢሄዱ ሊወሰድ ነው፣ ባይሄዱ ሊከሰሱ ነው፣ የሚያማክሩት ሰው ደግሞ የለም። ስሜን የሚጽፈው ማነው፣ ለምን ያህል ጊዜ ይይዘዋል፣ ለማን ያሳየዋል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ማንስ ደፍሮ ይጠይቃል? ገጠር ደግሞ ምዝገባ ሲባል ሰው የሚሰማው ትጥቅ ማስፈታት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

አሜሪካ ሁሉም ነገር ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። መንግሥት በስም መፈለግ ስለማይችል ልጇ የተገደለባት እናት ቀናት ትጠብቃለች፣ ያ ዋጋ ነው፣ የሚከፍሉትም በብዛት ድሆች ናቸው። ማጣሪያውን ራሱን የሚቃወሙትን ፈጽሞ አልደግፍም። ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ሽጉጥ እንዳይገዛ ስሙ መታየት አለበት። እኔ የምለው ይጣራ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው መረጃ ግን ጠባቂ፣ ወሰንና ቀን ይኑረው ነው።

ዲሲና አካባቢው ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር፣ በተለይ ኡበርና ታክሲ የምትነዱ። እዚህ አንድ ድልድይ ስትሻገር ሕጉ ይለወጣል። ዲሲ እያንዳንዱ መሣሪያ ፖሊስ ዘንድ ይመዘገባል። ሜሪላንድ ሽጉጥ ለመግዛት አሻራ ትሰጣለህ፣ ሥልጠና ትወስዳለህ። ቨርጂኒያ ቀለል ይላል፣ ከ2013 ወዲህም የፈቃድ ባለቤቶች ስም ለሕዝብ አይሰጥም። የቨርጂኒያ ፈቃድ ግን ዲሲም ሜሪላንድም አይሠራም። ተሳፋሪ ይዘህ ሽጉጡን መኪና ውስጥ ረስተህ ብትሻገር ወንጀል ነው፣ ዜግነት ያላገኘህ ከሆነ ደግሞ መዘዙ ከእስር ያልፋል።

አገር ቤት በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ስለ ባንክና ስለ ስልክ ሲነሳ እሰማለሁ። የመሣሪያ መዝገቡም በዚህ መንፈስ ይያዝ ነው ጥያቄዬ። ላስመዘገበ ሰው ደረሰኝ ይሰጠው። መዝገቡን የከፈተው ባለሥልጣን ስሙና ቀኑ ይጻፍ። ለአስቸኳይ ጊዜ ተብሎ የተሰበሰበ ስም አዋጁ ሲያበቃ ምን እንደሚደረግበት በጽሑፍ ይነገር። የአባታቸውን ጠመንጃ ታቅፈው የወጡት አዛውንትም ስማቸውን ማን እንዳየው ጣቢያ ሄደው መጠየቅ፣ መልሱንም ተቀብለው ያለ ስጋት ቤታቸው መግባት አለባቸው።