ክኒኑን ማን ተዉ አላችሁ?

ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ የምንለውን ታውቁታላችሁ። «ትናንት አብረን ቡና ጠጥተን! ምንም አልነበረባቸውም እኮ!» እንላለን። አንዱ ደግሞ «ድንገተኛ ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላል። ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። ወሬው በዚሁ ያልቃል።

ኧረ ተዉ የባህር ዳር ሰዎች! ነበረባቸው። የደም ግፊት ነበረባቸው። ክኒኑ በፌስታል ተቋጥሮ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ከአንዱ እሽግ ጥቂት ፍሬ ብቻ ጎድሏል። «ደህና ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል» ብለው ተዉት። ልጅ አይቷል፣ ጎረቤት ሰምቷል። የተቆጣ ግን የለም። እንግዲህ እኔ ልቆጣ።

ስለ ግፊት ሲነሳ ብዙ ሰው «ለእኔ ይታወቀኛል፤ ሲነሳብኝ ራሴን ያመኛል» ይላል። አይታወቅም። ክፋቱም እሱ ነው። 180 የደረሰበት ሰው ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ፣ በርበሬ አስመዝኖ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ተሳስቆ ይመለሳል። ልኬቱ በተደጋጋሚ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የአንጎል የደም ሥሮች ውስጥ ውስጡን እየተጎዱ ነው። ዓመታት ይፈጃል። ከዚያ አንዱ ይደፈናል ወይም ይፈነዳል። ስትሮክ የምንለው ይኸው ነው።

ክኒኑ ግፊቱን ይዞ ያቆያል እንጂ ነቅሎ አያወጣውም። ደህና የሆናችሁት እየዋጣችሁት ስለሆነ ነው። ሳል ካስያዛችሁ ወይም እግራችሁን ካሳበጠው፣ ያጋጥማልና፣ ሐኪሙ ጋ ሂዱና «ቀይሩልኝ» በሉ። ሌላ ዓይነት ሞልቷል። ከጎረቤት ተበድሮ መዋጥም ይቅርባችሁ። ለእሷ የታዘዘው ለእናንተ ላይሆን ይችላል።

እድሮቻችንንም አልምርም። ድንኳን አለን፣ ብረት ድስት አለን፣ ወንበር አለን። የግፊት መለኪያስ? የወር መዋጮ ስንከፍል እጅጌያችንን ሰብስበን ብንለካ ምን እንሆናለን? በየሰፈሩ ጡረታ የወጣ ነርስ አይጠፋም። መለኪያው ደግሞ የድንኳኑን ዋጋ ሩብ አያክልም። ለሞቱት እንዲህ የምንደክም ሰዎች ለቋሚዎቹ እጃችን የሚያጥረው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ጨውስ? ገጠር ዘመድ ጋ ስንሄድ ቡናው ራሱ በጨው ነው። ከቡናው በፊት ሽሮው አለ፣ ከዚያ ዳጣው አለ። ሐይቅ ዳር የተጠበሰውን አሳ ደግሞ ገና ሳንቀምሰው ጨው እንነሰንስበታለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል። አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳን አትሞላም። ተዉት አላልኩም፣ ቀንሱት። የምትገዙት ግን አዮዲን ያለበት ይሁን። አዮዲን ሲጎድል እንቅርት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ነፍሰ ጡር ካነሳት የሚጎዳው የልጇ አንጎል ነው።

ወደ ዋናው ጥፋታችን ልመለስ። የአንድ ሰው አፍ በአንድ ወገን ተጣመመ። ክንዱን አንሳ ሲባል አንዱ እጁ ወደቀ። ምላሱ ተሳሰረ። እኛ ምን እናደርጋለን? «ምች ነው» ብለን ዳማከሴ እንጨምቃለን። ሌላው «ነፋስ መቶት ነው» ይላል። ሦስተኛው «ተለክፎ ነው፣ ጠበል ይወሰድ» ይላል። እኛ ስንጨቃጨቅ ሰዓቱ ይነጉዳል። ደም በተቋረጠበት አንጎል ውስጥ በየደቂቃው ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሶች ይሞታሉ። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ እሱም ባለበት ቦታ የሚሰጠው ከጀመረው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ባይኖር እንኳን ቶሎ የደረሰ ሰው ይጠቀማል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓት እዩ። የጀመረው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ከዚያ የመጣውን ባጃጅ አስቁማችሁ ቀጥታ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል። በአፉ ምንም አትስጡት፣ ውሃም ቢሆን። መዋጥ ካቃተው ወደ ሳንባው ይገባል። አንዳንዴ የፊት ነርቭ ብቻ ሆኖ የአፍ መጣመም ራሱ የሚለቅበት ጊዜ አለ። እሱን የሚለየው ግን ሐኪም ነው፤ ዳማከሴ የያዘው ጎረቤት አይደለም።

ጠበሉን ማንም አልከለከላችሁም። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር አይጣላም ብለው በአደባባይ አስተምረዋል። ታዲያ የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ክኒኑን አስጥላችሁ የምትወስዱት በማን ትእዛዝ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ተመርምረው ከታከሙ ከ100 ሰዎች እስከ 70 የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ክኒኑ በድንገት ሲቋረጥ ግን ከበፊቱ የባሰ ይጥላል፤ ሳያባራ ቀጥሎ ሊገድልም ይችላል።

ሲጥለው የምናደርገውማ አያድርስ ነው። ክብሪት ጭረን አፍንጫው ላይ እናጨሳለን። ማንኪያ ጥርሱ መሀል እንሸጉጣለን። አራት ሆነን እንጨብጠዋለን። አረፋው ይጋባል ብሎ የሚሸሸውም አለ። አይጋባም! ድንጋይና እሳት ካለ አርቁለት። ነጠላም ይሁን ጃኬት አጣጥፋችሁ ከራሱ ሥር አድርጉ። መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ወደ ሐኪም ቤት። እኛ ደግሞ ሐይቅ ዳር የምንኖር ሰዎች ነን። እንዲህ ያለውን ልጅ ብቻውን በታንኳ አትላኩት፣ ብቻውን አይዋኝ። ትምህርት ቤት ግን ላኩት። ከሱ የምታስቀሩት በምን ምክንያት ነው?

ጫትና አረቄውን ዛሬ አልነካውም፤ ለብቻው ሌላ ቁጣ ይፈልጋል። ሁለቱም ግፊት እንደሚያባብሱ ብቻ እወቁት።

ስለ ሽማግሌዎቻችን ግን ዝም አልልም። እማማ ስም ሲጠፋባቸው «ጃጁ በቃ» ብለን እንስቃለን። መርሳት ሁሉ የእድሜ አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን ሊለወጡ የሚችሉ 14 ምክንያቶችን ዘርዝሯል። እነሱ ቢስተካከሉ ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ብሏል። ግፊትና ስኳር አሉበት። የማይሰማ ጆሮ፣ ያልታከመ ዓይንና ብቸኝነትም አሉበት። እናንተ እኮ እናታችሁን ከሰፈራቸው ነቅላችሁ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጣችኋል። ሰንበቴያቸው ቀረ፣ ማኅበራቸው ቀረ። ቲቪ ከፍታችሁላቸው ወጣችሁ። ሲጠሯቸው የማይሰሙት ምናልባት ጆሯቸውን ኩክ ደፍኖት ይሆናል፤ ማን አሳያቸው? እሑድ ሰንበቴያቸው አድርሷቸው። ሲመሽ ደግሞ ሐይቁ ዳር አብራችኋቸው ተራመዱ። ከተማችን ሜዳ ናት፣ ሽቅብ የለባትም። ድሮ አዛውንት ሳይቀር ብስክሌት ይነዳባት ነበር። ዛሬ ከፌርማታ ፌርማታ በባጃጅ ሆነናል።

በመጨረሻ አንተ ባለ ሞተሩ። ሄልሜቱን ክንድህ ላይ አንጠልጥለህ ትነዳለህ። ትራፊክ ፖሊስ ስታይ ትደፋዋለህ፣ ስታልፈው ታወልቀዋለህ። የተቆረጥከው ጸጉር እንዳይበላሽ ነው አሉ። ራስ ሳይጠና ጉተና! ሄልሜት የጭንቅላት ጉዳትን ከግማሽ በላይ ይቀንሳል፣ ክንድ ላይ ሳይሆን ራስ ላይ ሲሆን። ማሰሪያው ካልታሰረ ደግሞ ገና ስትወድቅ ወልቆ ይሄዳል። አስፋልት ላይ የተጋጨ አንጎል እንደ እግር በጀሶ አይታሰርም። ከኋላህ የተቀመጠችው እህትህስ፣ የእሷ ሄልሜት የት አለ?