ከሌማን ጋር ታርቄያለሁ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በማዘወትረው ሻይ ቤት አንድ የባርሳ ደጋፊ አለ። ሰላምታው አይቀየርም፤ "ፓሪስ እንዴት ናት?" ይለኛል። ድሮ ሻዬን ጥዬ እወጣ ነበር። አሁን "ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች" እለዋለሁ።

ነገሩ ፓሪስ ላይ የተደረገው የ2006ቱ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ነው፣ የኔ አርሰናል ከባርሴሎና። በእኛ ግንቦት 9 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ማታ። ዲኤስቲቪ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ በአንድ አግዳሚ ስድስት ሆነን ነበር የተቀመጥነው። 18ኛው ደቂቃ ላይ በረኛችን የንስ ሌማን ወጥቶ የባርሳውን ኤቶን ጠለፈው። የባርሳው ጁሊ ኳሷን አግብቷት ነበር፣ ግን ዳኛው ቀድሞ ፊሽካ ስለነፋ ጎሉን ሻረና ቀይ ካርድ መዘዘ። (ትንሽ ብታገስ ጎሉን አጽድቄ ቢጫ እሰጥ ነበር ብሏል በኋላ። ምን ያደርጋል!) አሰልጣኛችን ቬንገር ሌላ በረኛ፣ አልሙኒያን፣ ለማስገባት ፒሬስን አስወጣው። ፒሬስን! ለአርሰናል የመጨረሻ ጨዋታው ነበር። እሱ እስካሁን ያመኛል፣ አልዋሽም።

በአስር ሰው ሶል ካምቤል በጭንቅላት አገባልን። እስከ 76ኛው ደቂቃ መራን። ከዚያ ለባርሳ ተቀይሮ የገባው ላርሰን ሁለት ኳስ አቀበለ፤ አንዱን ኤቶ፣ አንዱን ቤሌቲ። 2 ለ 1። ወደ ቤት ስሄድ የማርቆስ ብርድ እንኳ አልተሰማኝም።

ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሌማንን ስረግም ኖርኩ። ደጋፊ ሲከፋው አንድ ሰው ይፈልጋል፤ ለአስራ አንድ ሰው መቆጣት ይደክማላ።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ አላስወጣ ሲለን ጨዋታውን ከእህቴ ልጅ ጋር በስልክ ደግመን አየነው። ለካምቤል ጎል መነሻ የሆነው ቅጣት ምት ላይ የእኛው ኢቡዌ ሲወድቅ ልጁ ስልኩን አቁሞ "ጋሼ፣ ይሄን ሰውዬ ማንም አልነካውም እኮ" አለኝ። እውነቱን ነው። ስለ ዳኛው ስጮህ በኖርኩበት ዓመት ሁሉ እሷን አንድ ቀን አንስቼ አላውቅም።

ከዚያ ልጁን ወደ ኋላ ወሰድኩት፣ ወደ ግማሽ ፍጻሜው። ቪያሪያል ሜዳ ላይ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የእነሱ ሪኬልሜ ፍጹም ቅጣት ምት መታ። ቢያገባ ወደ ጭማሪ ሰዓት እንሄድ ነበር። ማን አዳነው? ሌማን። በዚያ ውድድር 10 ጨዋታ በተከታታይ ጎል ሳይቆጠርብን ስንጓዝ ሪያል ማድሪድንም ጁቬንቱስንም ጥለናል፣ አብዛኛውን ደግሞ በር ላይ የቆመው እሱ ነው። ፓሪስ ድረስ ያደረሰኝን ሰው ስለ አንድ ጠለፋ ይህን ያህል ዘመን ስሰድብ መኖሬ አሳፈረኝ።

በእኛ በጎጃም የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚታረቅ። እዚህ ላይ ድንጋዩ የኔ ነው። ሌማን እኔን አያውቀኝም፣ ሽማግሌም አልላክሁበትም፣ ብቻ በልቤ ተሸክሜ ሄጃለሁ።

ይህን ለባርሳው ወዳጄ ብነግረው ሳቀና "የቤሌቲዋስ?" አለኝ። እሷማ በአልሙኒያ እግር መሀል ነው የገባችው። አልሙኒያን ገና ነኝ።