ጀልባው ይቅደም ወይስ ሽንኩርቱ?

እሁድ ከሰንበቴ በኋላ ነው ክርክሩ የተነሳው። ጥምቀት አልፏል፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ገና አልፈታም፣ እና ሰው ጠላውን ይዞ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ከከተማው ወጣ ብላ ለመስኖ የተሠራች አንድ የአፈር ግድብ አለች። ውሃው ሲጠራቀም ሰው ለሽርሽር መሄድ ጀመረ፣ ቀጥሎ ሞተር ጀልባ ገባ፣ አሁን ሙሽሮች ሳይቀሩ ፎቶ የሚነሱባት ሐይቅ ሆናለች።

ጀልባ ካስገቡት ልጆች አንዱ አብሮን ነበር። ሸጋ ልጅ ነው፣ አልዋሽም። ግን ሲያማርር አያቆምም። ገበሬዎቹ ውሃውን እየለቀቁ ሐይቁ ከዳር ሸሸ፣ ጀልባዬ ጭቃ ላይ ተቀመጠ፣ እንግዳ ጫማውን አውልቆ ነው የሚሳፈረው ይላል። መፍትሔም አለው። የሚለቀቀው ውሃ ይቀነስ፤ ለከርሞ ደግሞ ክረምት ሲገባ ትርፉ ውሃ በሚወጣበት ማስተንፈሻ ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ይደርደርና ውሃው ከፍ ብሎ ይያዝ። «ቱሪዝም እኮ ነው!» አለ። ቱሪዝም ካለ በኋላ ሌላ ማስረጃ የሚያስፈልግ አልመሰለውም።

ከግድቡ በታች ነጭ ሽንኩርት የምታለማ እህታችን ቀና ብላ አየችውና «የኔ ሽንኩርት ፎቶ ስለማይነሳ ይድረቅ?» አለችው። ተሳቀ። እኔ በበኩሌ ክርክሩ እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አላለቀም። ዕድሜያቸውን በመስኖ ሥራ የጨረሱ ጡረተኛ ጋሼ አሉን። ጣሳቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» አሉት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ሁሉን ነገር ያከብዱታል። ጆንያ እኮ ነው።»

«ጆንያ ነው። ማስተንፈሻው የተሠራው ግን ውሃው በግድቡ አናት እንዳያልፍ ነው። የአፈር ግድብ አናቱን ውሃ ከዘለለው አለቀለት። መጀመሪያ ትንሽ ቦይ ይቦረቡራል፣ ቦዩ ይሰፋል፣ ከዚያ ማንም አያቆመውም። ነሐሴ ላይ በሌሊት ጎርፉ ሲመጣ ጆንያህን ማን ነው የሚያነሳው?»

«እንደዋወላለና፣ ስልክ አለን።»

ስልክ! ነሐሴ ላይ፣ በዚያ ዶፍ፣ መብራትና ኔትወርክ ተያይዘው በሚጠፉበት ሌሊት። ዝም አልኩ፣ ፊቴ ግን ዝም ያለ አይመስለኝም።

ጋሼ ቀጠሉ። አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት አገልግሎት የሚውል ውሃ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል ይላል። ለመስኖውም ቢሆን 841/2006 የሚባል የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ወጥቶለታል። ከአዋጁ በፊትም በኛ አገር የውሃ አባት ነበር፣ ተራ የሚያወጣ፣ ሲጣሉ የሚዳኝ። «የውሃ አባት ጀልባ ነበረው እንዴ?» አለ ልጁ። መልስ መስጠቱ ነው እንግዲህ።

ትንሽ ቆይቶ ጣናን አመጣ። ጣና ላይ ስንት ጀልባ ይሄድ የለም ወይ፣ ከዚያም ላይ መብራት ይመነጫል፣ ሁሉም ይስማማል። እዚህ ላይ ጋሼ ፈገግ አሉ። የጣናን መውጫ ጨረጨራ ላይ በር ሠርተው ውሃውን ለመብራት መቆጣጠር ከጀመሩ በኋላ፣ ድርቅም ተጨመረና በ1995 ሐይቁ ክፉኛ ወረደ። መርከቦቹ ለወራት ቆሙ። «ያን የሚያህል ሐይቅ ነው» አሉ ጋሼ። «ያቺ ያንተዋ ኩሬ ምን ትሁን? ነገርኩህ፣ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።»

ልጁ ተሰላቸ። «ይቺን ተረት ስንቴ ይሏታል?» አለ። እውነቱን ነው፣ ደጋግመዋታል። ግን ስለ ደኅንነት ሲነሳ ራሱ ነው ያስደገማቸው። ላይፍ ጃኬት አለህ ወይ ሲባል «አለ» አለ። አለ፣ አይቸዋለሁ። ወንበር ስር ተቆልሏል፣ ሴቶቹ ቀሚሳቸው እንዳይረጥብ ይቀመጡበታል። አንዱን አንስቼ ሳየው መቆለፊያው ተሰብሮ በሲባጎ ታስሯል። የልጅ ልክ አንድም የለም። ሰዎቹ ለፎቶ አያምርም ብለው እምቢ ይላሉ ነው ምክንያቱ። እምቢ ካሉ ገመዱን አትፍታ! ጀልባው ያንተ አይደለም እንዴ?

ደግሞ ይሄ የቆላ ውሃ አይደለም። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፣ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ነው የሚቆራረጥበት፣ አፉን ከፍቶ አየር ሲስብ ውሃ ይጠጣል። ቀጥሎ እጁ ይደነዝዛል። ዋና መቻሉ እዚያ ላይ ብዙ አያዋጣም፤ ጃኬቱ ግን ጭንቅላቱን ከውሃ በላይ ይይዝለታል። ይሄን ሳስረዳው «እስካሁን የሞተ አለ?» አለኝ። የሞተ ካልኖረ ሕግ አያስፈልግም ማለቱ ነው።

ለኔ ነገሩ ግልጽ ነው። ጀልባው ነው ለውሃው መመቸት ያለበት፣ ውሃው ለጀልባው አይደለም። ዳር ላይ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ይተከል፣ ቀይ ቀለም ይቀባ፣ ውሃው ከቀዩ ሲወርድ ሞተር ይቁም፣ የፈለገ በመቅዘፊያ ይሂድ። መሳፈሪያውም ውሃውን እየተከተለ ይውረድ፣ ጥቂት ጣውላና በርሜል ነው የሚጠይቀው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ ሁሉም ዳር ይያዝ፣ የጠጣም አይንዳ።

ግን ማን ይሰማል? የግድቡን ቧንቧ የሚከፍተው ሰውዬ ከዛሬ ወር በፊት ነግሯቸው ነበር። ከውሃው ስር የድሮ እርሻ አለ፣ የእርሻው ካብ እንዳለ ነው፣ ግድቡ ሲሞላ ጀልባ በላዩ ያልፋል፣ አሁን ግን ውሃው ወርዷልና በዚያ በኩል አትሂዱ አላቸው። ሳቁበት። ባለፈው ሳምንት ፕሮፔለሩ ካቡን መታና ተሰበረ፣ ስድስት ሰው መሐል ውሃ ላይ ቀረ፣ በገመድ ጎትተው አወጧቸው። ልጁ ይሄን ሲያወራ እንኳ «ካብ መኖሩን ማንም አልነገረንም» ነው ያለው። ሰውዬው ጎማ ጫማና ጋቢ የለበሰ ስለሆነ ማንም አይደለም ማለት ነው። ያንኑ ነገር ክራቫት ያሰረ ባለሙያ በፕሮጀክተር ቢያሳያቸው ደብተር አውጥተው ይጽፉ ነበር፣ አበልም ይቀበሉ ነበር። ዘበኛውን አንሰማም፣ ረዳቱን አንሰማም፣ ቤቱን የሠራውን ግንበኛ አንሰማም፤ ከዚያ ነገሩ ሲበላሽ ከአዲስ አበባ ሰው እናስመጣለን፣ እሱም መጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዘበኛውን ነው።